የ2008ቱ ቀውስና የዕጩዎቹ ኢኮኖሚ አማካሪዎች፦ በማን አፍ ነበር የሚናገሩት?

የቨርጂኒያው ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የ2008ቱን (በፈረንጆቹ) የአሜሪካ ምርጫ የድሮ ዜናዎች ስበረብር ነበር። የሪፐብሊካኑን የማኬይንንና የዴሞክራቱን የኦባማን ማለቴ ነው። ዲሲ ዙሪያ ያለን ሰዎች ያንን ምርጫ የምናስታውሰው በኦባማ ነው። ቨርጂኒያ ከ1964 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዴሞክራት የሰጠችው ያኔ ነው፣ ሀበሻውም ቀላል አልሮጠም። አሁን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ዕጩዎቹ ሳይሆኑ በእነሱ ስም ቴሌቪዥን ላይ የሚወጡት የኢኮኖሚ አማካሪዎች።

ለረሳችሁ ላስታውስ። ሊማን ብራዘርስ የሚባለው ትልቅ የኢንቨስትመንት ባንክ ኪሳራ ያወጀው ሴፕቴምበር 15 ነው። በእኛ መስከረም 5 ቀን 2001፣ የእንቁጣጣሹ ዶሮ ገና ሳያልቅ። በዚያው ዕለት ማኬይን ፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ላይ ቆሞ የኢኮኖሚያችን መሠረት ጠንካራ ነው አለ። ከሰዓት ኦርላንዶ ሲደርስ መሠረት ስል የአሜሪካን ሠራተኛ ማለቴ ነው ብሎ ሊያቃና ሞከረ። በማግስቱ ኤአይጂ የሚባለው ግዙፍ የኢንሹራንስ ኩባንያ ሊወድቅ ሲል 85 ቢሊዮን ዶላር ብድር ተሰጠው። እንግዲህ በዚያችው ማክሰኞ ሁለት የማኬይን ሰዎች የሠሩትን ስሙ።

አንደኛው ዳግላስ ሆልትዝ-ኢኪን ነው። ተራ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ የኮንግረስ የበጀት ቢሮ ኃላፊ የነበረ፣ ቁጥር የሚያውቅ ኢኮኖሚስት ነው። ጋዜጠኞች ማኬይን የሴኔቱ የንግድ ኮሚቴ ውስጥ ሆኖ ስለ ገበያ የሚያስተምረው ምን ሠራ ብለው ጠየቁት። እሱ ብላክቤሪውን አውጥቶ ከፍ አደረገና ማኬይን እንዲፈጠር ያገዘው ተአምር ይኸውላችሁ አላቸው። ብላክቤሪ እኮ የካናዳ ኩባንያ ነው! ዘመቻው ራሱ ወዲያው የሠራተኛ የማይረባ ቀልድ ነው ብሎ ጣለው።

ሁለተኛዋ ካርሊ ፊዮሪና ናት፣ የኤችፒ የቀድሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚ። የማኬይን ምክትል ፕሬዝዳንት ዕጩ ሳራ ፔሊን ኤችፒን መምራት ትችላለች ወይ አሏት። አትችልም አለች። እሺ ይሁን። ከዚያ ነገሩን ልታስተካክል ሌላ ጣቢያ ገብታ ማኬይንም ትልቅ ኩባንያ መምራት አይችልም ብላው አረፈች። ኦባማና ባይደንም አይችሉም ብላ ጨምራ ነበር፣ ግን ያንን ማን ይሰማል። ከዚያ በኋላ ከካሜራ አራቋት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የኔ ሐሳብ ግን ከወሬው ያለፈ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ በቀውስ ጊዜ አማካሪው የሚለውን ብቻ ይዞ መከራከር ብዙም አያራምድም። መታየት ያለበት ዕጩው በማግስቱ አማካሪውን ምን አደረገው የሚለው ነው። ካደው? ደበቀው? ወይስ አጠገቡ ቆመ? የዕጩው የራሱ አቋም የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ምን ትላላችሁ?


ቀዳማዊ ተጠራጣሪ ጻፈ፦

ወንድሜ ዋናውን ሰውዬ ዘለልከውሳ። ፊል ግራምን! ጉዱ የጀመረው እኮ ጁላይ ላይ ነው። ግራም የቴክሳስ ሴናተር የነበረ፣ በትምህርቱ የኢኮኖሚክስ ዶክተር፣ የማኬይን የልብ ወዳጅና የዘመቻው ተባባሪ ሊቀመንበር። ለአንድ የዋሽንግተን ጋዜጣ ቃለ ምልልስ ሰጠና የኢኮኖሚ ድቀት የምትሉት ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለ ነው፣ የነጭናጮች ሀገር ሆነናል አለ። ቤንዚን በጋሎን ከ4 ዶላር ባለፈበት ወር። ሰዉ ቤቱን እየተነጠቀ።

የሚያስቀው ቁጥሩ በዚያ ሰዓት ከእሱ ጋር ነበር። እስከዚያ የወጣው መረጃ ኢኮኖሚው በትንሹም ቢሆን እያደገ ነው ይል ነበር። ድቀቱ በዲሴምበር 2007 መጀመሩ በይፋ የተነገረው ምርጫው ካለቀ በኋላ፣ ዲሴምበር 2008 ላይ ነው። ስለዚህ ሰውዬው ሰንጠረዡን ይዞ ነው ሕዝብ የሰደበው ማለት ነው።

ማኬይን ያን ዕለት ሚሺጋን ነበር። ፋብሪካ ሲዘጋባት የከረመች ስቴት። “ፊል ግራም በእኔ ስም አይናገርም፤ በእኔ ስም የምናገረው እኔ ነኝ” አለ። ይባስ ብሎ ለቤላሩስ አምባሳደርነት እናስበው ይሆናል፣ የሚንስክ ሰዎች ግን ደስ ይላቸው እንደሆነ እንጃ ብሎ ቀለደበት። ሳምንት አለፍ ብሎ ግራም ለቀቀ።

በአንተ ሚዛን ማኬይን ካደው፣ አለቀ። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የሰማው ምክርስ የት ገባ? ሰውን መካድ አፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። የኢኮኖሚ ፕላኑ ላይ አንድ መስመር ተለወጠ እንዴ? አልተለወጠም።


ኮሎራዶ ነኝ ጻፈች፦

ስለ መሠረቱ ጠንካራነት ካነሳችሁ አይቀር፣ ኦባማ መልሱን የሰጠው እኛ ጋ ነው፣ ግራንድ ጀንክሽን። ሴናተር፣ የምታወራው ስለ የትኛው ኢኮኖሚ ነው አለው። በዚያው ቀን፣ በሰዓታት ልዩነት። አማካሪ አልላከም። እኔ ከዚያ ሁሉ የማስታውሰው እሱን ነው፣ ምክንያቱም በዚያ ሳምንት ሁሉም ሰው በሌላ ሰው በኩል ነበር የሚያወራው።


ሒሳበኛዋ ጻፈች፦

ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ ምላስ ነው። እኔ በሙያዬ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ሰው ምን አለ ከምል ምን ፈርሟል ብዬ ብጠይቅ ይቀናኛል።

ግራም ነጭናጮች ማለቱ ትንሹ ነገር ነው። በ1999 ባንክን፣ ኢንሹራንስንና የአክሲዮን ንግድን ለያይቶ ያቆየውን የድሮ አጥር ያፈረሰው ሕግ ስሙን ይዟል። በ2000 መጨረሻ ደግሞ ዴሪቬቲቭ የሚባሉት፣ ዋጋቸው በሌላ ንብረት ወይም ዕዳ ላይ የተንጠለጠለ ውሎች አብዛኞቹ ከተቆጣጣሪ ዓይን ውጭ እንዲቆዩ ያደረገው ሕግ ላይ ዋና ገፊ እሱ ነበር። ኤአይጂን የገደለው ምን ሆነና? ዕዳ ባይከፈል እኔ እከፍላለሁ እያለ የሸጣቸው ውሎች ናቸው። በቂ መጠባበቂያ ሳይዝ። ከዚያ ሰውዬው ከሴኔት ወጥቶ ዩቢኤስ ገባ፣ የስዊሱ ባንክ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አሉ፣ ይሄኛውን ምንም አይቆጨውም።

ግን ቆይ። የኦባማ ደጋፊዎች እንዳታጨበጭቡ። እነዚህን ሁለት ሕጎች የፈረመው ማነው? ቢል ክሊንተን። የገንዘብ ሚኒስትሮቹ እነማን ነበሩ? ሮበርት ሩቢን፣ ቀጥሎ ላሪ ሰመርስ። በ1998 ብሩክስሊ ቦርን የምትባል የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ዴሪቬቲቭን እንመርምር ስትል ከማዕከላዊ ባንኩ (ከፌዴራል ሪዘርቭ) ሊቀመንበር ከግሪንስፓን ጋር ሆነው ያስቆሟት እነዚሁ ናቸው። ሩቢን ከሥልጣን ወርዶ ሲቲግሩፕ ገባ። ሲቲግሩፕ በኖቬምበር 2008 በመንግሥት ገንዘብ ተረፈ። እና በሴፕቴምበር 2008 ኦባማ ፍሎሪዳ ውስጥ አማካሪዎቹን ሰብስቦ ሲመክር ጠረጴዛው ዙሪያ ማን ነበር? ሩቢን፣ ሰመርስ፣ ፖል ቮልከር።

ቮልከርን እለየዋለሁ። እሱ የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀመንበር ሆኖ በሰማንያዎቹ ወለድ ሰማይ አድርሶ የዋጋ ንረትን የሰበረ፣ ማንም የማይወደውን ነገር አድርጎ የሚያውቅ ሽማግሌ ነው። ኦባማ እሱን ፎቶ ላይ ከጎኑ ማቆሙ ራሱ መልእክት ነበር። ሥራው ሲመጣ ግን ዋይት ሀውስ ውስጥ የየዕለቱን ኢኮኖሚ የያዘው ሰመርስ ሆነ፣ ቮልከር የውጭ አማካሪ ቦርድ ተሰጠው። ቀድሞ የታየው ሌላ፣ የተቀጠረው ሌላ። ይሄንንም በማግስቱ ሚዛንህ ልትይዘው አትችልም የቨርጂኒያው፣ ወራት ቆይቶ ነው የሚመጣው።


ዝም አልልም ጻፈ፦

ሒሳበኛዋ በደንብ ተናገርሽ። ይሄ ክር ሲጀመር ማኬይንን መደብደቢያ መስሎኝ ልወጣ ነበር።

የኦስታን ጉልስቢን ነገር ማንም አላነሳም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ ኦባማን ከሴኔት ዘመቻው ጊዜ ጀምሮ ያማከረ። ፌብሩዋሪ 2008፣ ኦባማ ለዴሞክራት ዕጩነት ኦሃዮ ላይ ከሂላሪ ክሊንተን ጋር ሲፋለም፣ ሁለቱም የሰሜን አሜሪካ ነፃ ንግድ ስምምነትን እንደገና እንደራደርበታለን እያሉ ሠራተኛውን ሲያባብሉ፣ ጉልስቢ ቺካጎ ያለው የካናዳ ቆንስላ ሄዶ ቁጭ አለ። የካናዳ ሰዎች ማስታወሻ ጻፉ። ማስታወሻው ኦባማ የሚለው ነገር ለፖለቲካ ያህል እንጂ ቁርጥ ያለ ዕቅድ እንዳልሆነ ተነገረን ይላል። ሾልኮ ወጣ። ዘመቻው መጀመሪያ እንዲህ ያለ ነገር የለም ሲል ሰንብቶ ማስታወሻው ሲወጣ መደበኛ ስብሰባ አልነበረም፣ የጻፉት እሱ ያለውን አይደለም ሆነ። ኦሃዮን ሂላሪ ወሰደችው።

ታዲያ ኦባማ ጉልስቢን ካደው? አልካደውም። ትንሽ ከዓይን አራቀው፣ ከዚያ መለሰው። በመኸሩ የቴሌቪዥንና የመድረክ ክርክር ላይ ከሆልትዝ-ኢኪን ጋር ፊት ለፊት የሚቀመጠው እሱ ነበር። በ2010 የፕሬዝዳንቱ የኢኮኖሚ አማካሪዎች ምክር ቤት ሊቀመንበር አደረገው። ዛሬስ? ከ2023 ጀምሮ የቺካጎ ፌዴራል ሪዘርቭ ፕሬዝዳንት ነው። ሰውዬው አልተቀጣም፣ አደገ እንጂ!

ሂላሪም ብትሆን ንጹሕ አይደለችም። ዋና ስትራቴጂስቷ ማርክ ፔን እሷ የምትቃወመውን የኮሎምቢያ ንግድ ስምምነት ጉዳይ ይዞ ከኮሎምቢያ አምባሳደር ጋር መገናኘቱ ታወቀና ኤፕሪል ላይ ከቦታው ወረደ። አንድ ዓይነት ጥፋት፣ ሁለት ዓይነት ፍርድ።


የቨርጂኒያው ጻፈ፦

ዝም አልልም፣ ይሄ እኮ የኔን ነጥብ ነው የሚያጠናክረው። ኦባማ ጉልስቢን ማስቀረቱ የሚነግርህ ነገር አለ። ስምምነቱን ሊነካው አላሰበም ነበር ማለት ነው። ፕሬዝዳንት ሆኖ በስምንት ዓመት ውስጥ ቃል የገባውን ድርድር አላደረገውም። የስብሰባ ንግግሩን ትተህ አማካሪውን አላባረረም ብለህ ብቻ ብትገምት ትክክል ትሆን ነበር።

ተጠራጣሪው፣ አንተ ላልከው፦ ማኬይን ግራምን ሲክደው ፕላኑን አልለወጠም ስትል እኔም የምለው እሱን ነው። ቀልዶ ሸኘው፣ ቁጣ አልነበረውም። በቀልድ የተሸኘ ሰውና በቁጣ የተባረረ ሰው አንድ አይደሉም።


ቀዳማዊ ተጠራጣሪ ጻፈ፦

እሺ አሁን ደግሞ የቀልድ ቃና መመዘን ጀመርን 😂


ፕሮፌሰር ያልሆንኩት ጻፈ፦

ሁላችሁም አንድ ነገር አልፋችኋል። አማካሪ የሚናገረው ለመራጩ ብቻ እየመሰላችሁ ነው። በቀውስ ጊዜ ሌላ አድማጭ አለ፣ ገበያው። አበዳሪው። የውጭ መንግሥት። ድምፅ አይሰጥም ግን በአንድ ቀን ገንዘብህን መሬት ሊያወርደው ይችላል።

ከአሜሪካ ወጣ በሉና ብራዚልን በ2002 እዩ። ሉላ ምርጫውን እየመራ ነው። ለሃያ ዓመት ዕዳ አንከፍልም ዓይነት ነገር ሲል የኖረ ፓርቲ። እሱ በሕዝብ አስተያየት ከፍ ባለ ቁጥር የብራዚሉ ገንዘብ ሪያል ይወርዳል፣ ዶላር ወደ 4 ሪያል ተጠጋ። ሉላ ጁን ላይ ለብራዚል ሕዝብ ብሎ ደብዳቤ አወጣ፣ ውል እናከብራለን፣ በጀት እንጠብቃለን የሚል። ርእሱ ለሕዝብ ይላል እንጂ አንባቢው ኒውዮርክ ነበር። የፕሮግራሙ አስተባባሪ አንቶኒዮ ፓሎቺ ነው፣ ሙያው ሐኪም፣ የከተማ ከንቲባ የነበረ። ባለ ባንኮችን የማረጋጋቱ ሥራ በአብዛኛው እሱ ላይ ወደቀ። ኦገስት ላይ አይኤምኤፍ የ30 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ፣ አብዛኛው ግን የሚለቀቀው በቀጣዩ ዓመት፣ ማለትም በሚመረጠው ሰው ጊዜ ነው። ገባችሁ? ገንዘቡ ራሱ ለዕጩዎች የተጻፈ መልእክት ነበር። ፕሬዝዳንት ካርዶዞ ዕጩዎቹን አንድ በአንድ ጠርቶ አነጋገራቸው። ሉላ አሸነፈ፣ ፓሎቺ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ፣ ያለውንም አደረገ።

ከዚያ በፊት ደቡብ ኮሪያ፣ 1997። ይሄ የባሰ ነው። ምርጫው ዲሴምበር 18፣ ከአይኤምኤፍ ጋር ስምምነቱ ዲሴምበር 3። አይኤምኤፍ የተቀመጠውን መንግሥት ፊርማ ብቻ አላመነም፣ ሦስቱም ዋና ዕጩዎች ስምምነቱን እንደሚያከብሩ በጽሑፍ አረጋግጡልኝ አለ። አረጋገጡ። ከዚያ ኪም ዴ-ጁንግ በዘመቻው መሐል እንደገና እንደራደራለን ማለት ጀመረ። ገበያው ተናወጠ፣ የኮሪያው ገንዘብ ዎን ወረደ። ኪም ወዲያው አለዘበ። አሸነፈም፣ ስምምነቱንም ፈጸመው።

አሁን ጉልስቢን ከፓሎቺ ጋር አስቀምጧቸው። ሁለቱም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፣ አለቃቸው አደባባይ ላይ የሚለውን በዝግ ክፍል ማለስለስ። አንዱ ቅሌት ተባለ፣ ሌላው ኃላፊነት የሚሰማው ተባለ። ልዩነቱ ብራዚል እሳት ውስጥ ነበረች፣ ኦሃዮ ገና ጭሱ ነበር የሚታያት። እና ደግሞ ሉላ ደብዳቤውን በራሱ ስም አወጣው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የኦባማው በቆንስላ ማስታወሻ ተደብቆ ነው የተገኘው።

ስለዚህ የቨርጂኒያው፣ ሚዛንህ አሜሪካ ላይ ይሠራ ይሆናል። ገንዘቡ በሌላ ሰው እጅ በሆነ ሀገር ግን አማካሪው በማግስቱ አይካድም፣ አበዳሪው አያስክድማ።


ኮሎራዶ ነኝ ጻፈች፦

የኮሪያውን ጨርሶ አላውቅም ነበር። ዕጩ ገና ሳይመረጥ ማስፈረም?! ታዲያ ምርጫው ለምን ተካሄደ?


ፕሮፌሰር ያልሆንኩት ጻፈ፦

እህቴ ኮሪያዎቹም የጠየቁት እሱን ነው። ያንን ወቅት እስከዛሬ ሲጠሩት የአይኤምኤፍ ዘመን ነው የሚሉት።


የድሮ ታክሲ ጻፈ፦

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ እንደናንተ የሰውን ሁሉ ስም አላስታውስም። ግን በ2008 በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ሰምቻለሁ። ማናሳስ ቤት ገዝቼ ነበር፣ በ2005፣ ሁሉ በሚገዛበት ሰዓት። ያዋዋለን ደላላ ሀበሻ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ወለዱ ከሁለት ዓመት በኋላ ይቀየራል ብሎ ነግሮናል፣ ወደ ላይ ይቀየራል አላለም እንጂ። ፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ ያኔ የሆነውን የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። በኔ መንገድ ላይ የሽያጭ ምልክት የሌለበት ቤት መቁጠር ይቀል ነበር።

እና ያ ብላክቤሪ ያነሳው ሰውዬ፣ ሆልትዝ ያላችሁት፣ ሬዲዮ ላይ ብዙ ሰምቼዋለሁ። ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው። ኦክቶበር ላይ ማኬይን በናሽቪሉ ክርክር መንግሥት በ300 ቢሊዮን ዶላር የተበላሹ ሞርጌጆችን (የቤት ብድሮችን) ገዝቶ በቤቱ የዛሬ ዋጋ ያስተካክላል ሲል ታክሲዬን ዳር አቁሜ ነው የሰማሁት። ይሄ ለኔ ነው አልኩ። ልጄ፣ ኦባማ ይላል እንግዲህ፣ አባዬ እሱ ይዋሻል አለኝ። እውነቱ ግን ምን እንደሆነ ያወቅኩት በማግስቱ ነው። መጀመሪያ በወረቀቱ ላይ ኪሳራውን አበዳሪዎቹ ይቀበላሉ የሚል ነበረበት። ሲነጋ ያቺ ዓረፍተ ነገር ጠፋች። ስለዚህ ባንኩ ሙሉ ገንዘቡን ይወስዳል፣ የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው።

አማካሪዎቹ ወጥተው ፍጥነት ነው የሚያስፈልገው፣ ከባንክ ጋር ስንደራደር ጊዜ ይሄድብናል ብለው አስረዱ። እውነት ሊሆን ይችላል። ለኔ ለባለቤቱ ለውጥ የለውም እኮ፣ ወይም ቤቴ ይድናል ወይም አይድንም። ግን ማታ በዕጩው አፍ አንድ ነገር፣ ጠዋት በአማካሪው ወረቀት ሌላ። ያኔ ነው ተስፋ የቆረጥኩት። ቤቱም ሄደ።


ሒሳበኛዋ ጻፈች፦

ጋሼ፣ አዝናለሁ። ያቺን የጠፋች ዓረፍተ ነገር እኔም አስታውሳታለሁ፣ የሁለቱም ወገን ኢኮኖሚስቶች ጮኸውባታል። ከማንም የምላስ ስሕተት ይልቅ የምታስተምረው እሷ ነች። ብላክቤሪው ዋጋው ሳቅ ነው። ያቺ አንዲት መስመር ግን ዋጋዋ በቢሊዮን ነው፣ ያወቃት ሰው ደግሞ ስንት ነው?

ስለ ሴፕቴምበር መጨረሻም አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁሉም አማካሪዎች ዝም ያሉበት ሳምንት ስለነበር። ማኬይን ሴፕቴምበር 24 ዘመቻዬን አቁሜ ዋሽንግተን እሄዳለሁ አለ፣ የ700 ቢሊዮኑን የባንክ ማዳኛ ለማስጨረስ። በማግስቱ ፕሬዝዳንት ቡሽ ሁለቱንም ዕጩዎች ዋይት ሀውስ ጠራቸው። በክፍሉ የነበሩት በኋላ እንደተናገሩት ኦባማ በዴሞክራቶቹ ስም ተናገረ፣ ከገንዘብ ሚኒስትሩ ከፖልሰን ጋር በስልክ ሲነጋገር ስለሰነበተ ቁጥሩን ይዞታል። ስብሰባውን የጠየቀው ማኬይን ግን ለረጅም ሰዓት ዝም ብሎ ተቀመጠ። ስብሰባው በጩኸት ተበተነ። ፖልሰን ዴሞክራቶቹ እንዳይበትኑት የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤዋ ናንሲ ፔሎሲ ፊት በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። በነጋታው፣ ደመራ በሚለኮስበት ዕለት፣ ሁለቱ ሚሲሲፒ ላይ የመጀመሪያውን ክርክር አደረጉ፣ ያልተደረሰበት ስምምነት ተንጠልጥሎ። ሰኞ የተወካዮች ምክር ቤት 228 ለ205 ጣለው፣ ዶው የሚባለው የአክሲዮን ገበያ መለኪያ 777 ነጥብ ወረደ። ኦክቶበር 3 ነው በመጨረሻ ያለፈው።

ያን ሳምንት ኦባማ ያደረገው ብልጠት ዝርዝር ፕላን አለማውጣቱ ነው። ገበያውን እንዳላውክ ብዬ ነው አለ። ፕሮፌሰር ያልሆንከው እንዳልከው፣ ለሁለት አድማጭ አንድ አፍ ሲኖርህ ዝምታ ይሻላል። ግን ለመራጩ ምን ማለት ነው? ምን እንደሚያደርግ ሳይነግርህ ረጋ ያለ ስለመሰለህ መረጥከው ማለት ነው። ረጋ ማለቱን ደግሞ የገዛው ከነሩቢን ነው። እኔ ይሄ እስከዛሬ ይከነክነኛል።


ዝም አልልም ጻፈ፦

አሜን! እናንተ እኮ የመረጣችሁት ድምፁን ነው።


ቀዳማዊ ተጠራጣሪ ጻፈ፦

አንተስ ማንን መረጥክ?


ዝም አልልም ጻፈ፦

ያኔ ዜግነት አልነበረኝም።


የቨርጂኒያው ጻፈ፦

😂 እሺ። ጋሼ የድሮ ታክሲ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፣ ካልከበደዎት። በመጨረሻ ድምፅዎን ለማን ሰጡ? ከዚያ ሁሉ አማካሪ ውስጥስ ያመኑት አለ?


የድሮ ታክሲ ጻፈ፦

ለኦባማ ነዋ፣ ልጄ ቤት ያስገባኛል ብለህ ነው?

ያመንኩት ግን ያንኑ ሆልትዝን ነው፣ አንድ ቀን ብቻ። ማኬይን የጤና ኢንሹራንስ መግዣ ለነጠላ 2,500፣ ለቤተሰብ 5,000 ዶላር የግብር ቅናሽ እሰጣለሁ ይል ነበር። በምላሹ ከአሠሪ የሚገኘው ኢንሹራንስ ላይ ግብር ይመጣል። አንድ ቀን ይሄው ሰውዬ ወጣቶቹና ጤነኞቹ ሠራተኞች ያንን ጥለው ይሄዳሉ ወይ ሲሉት ለምን ይሄዳሉ፣ ከአሠሪያቸው የሚያገኙት በዚህ ገንዘብ ከሚገዙት በጣም ይሻላል አለ። የኦባማ ሰዎች ይሄው የራሱ አማካሪ ፕላኑ አይረባም አለ ብለው ሙሉ ሳምንት ጨፈሩበት።

እኔ ግን አሠሪ የለኝም። ታክሲ ነጂ ነኝ። ኢንሹራንስ አልነበረኝም፣ ሚስቴም፣ ልጆቼም። ያኔ የቤተሰብ ኢንሹራንስ ዓመቱን በአማካይ ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። 5 ሺህ ቢሰጡኝ ከዜሮ ይሻላል፣ 12 ግን አይሞላም። ሰውዬው የተናገረው እውነት ለኔ ነበር የሚጠቅመው፣ የቀረውን ሰባት ሺህ ከየት ነው የማመጣው ብዬ እንድጠይቅ። ሬዲዮው ላይ ግን ያንን የጠየቀ አልነበረም፣ የሁለቱም ወገን ሰዎች ስለ አሠሪ ያለው ሰው ነበር የሚጨቃጨቁት። ተራዬ ደርሶ ሬገን ኤርፖርት ተሳፋሪ ጫንኩና ሬዲዮውን ዘጋሁት።